ሽብልቁ ጊታር የተገለበጠ ዕለት

ስሜ ደሴ ነው። ፍኖተ ሰላም መጥታችሁ ከገበያው በላይ ባለው መንደር «ከበሮ ሠሪው ወዴት አለ?» ብትሉ ቤቴን የማያሳያችሁ የለም። ትምህርቴ ዳዊት ደግሜ የቆመ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ አንዳንድ ቦታ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ፤ እጄ ከብዕር ይልቅ መሮ ለምዷል። የማወጋችሁ ነገር ከማክሰኞ እስከ እሑድ ባለው ጊዜ የተፈጸመ ነው። ቀኑ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ወሬውን ቀስ ብዬ ነው የምሄድበት፤ ያልቸኮለ ይከተለኝ።

መጀመሪያ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ከአባቴ ተቀብዬ ከአርባ ዓመት በላይ ከበሮ ሠርቻለሁ። የዋንዛ ግንድ እቆርጣለሁ፣ ሆዱን እፈለፍላለሁ፣ በሁለት በኩል ቆዳ አልብሼ በጠፍር እወጥራለሁ። ሥራዬ በጃቢ ጠህናንም በቋሪትም ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ይመታል። ከበሮ እንደምታውቁት አንደኛው አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። አባቴ ሲያስተምረኝ አንዲት ቃል ነበረችው፤ «ሰፊው ወደ ቀኝ!» መቺው በቀኝ እጁ ሰፊውን፣ በግራው ጠባቡን ይመታልና። እኔም ጠፍሩን ስወጥር፣ ማንገቻውን ስሰፋ፣ ሰፊውን ወደ ቀኜ አድርጌ እቀመጣለሁ። ይቺ ነገር ከእጄ ጋር አብራ አረጀች። ኋላ ጉድ የሠራችኝም እሷ ናት።

በዚያ ዓመት ሥራ ልተው ወስኜ ነበር። የልጄ ባል ጌትነት እዚያው ግቢያችን ውስጥ የብረት በርና መስኮት ይሠራል፤ ቦታ ጠቦታል። ማንም ውጣ አላለኝም፤ ራሴ ነኝ «ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ የሥራ ቤቴን ውሰደው» ያልኩት። ሽማግሌ ሳይገፉት ሲለቅ ያምርበታል ብዬ ነው። መሮዬንና መላጊያዬን ቅባት ቀብቼ በጆንያ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር።

ኅዳር ላይ አንዲት ሴት መጣች። ቀኝ ክንዷን በነጠላዋ ደግፋ፣ በግራዋ ማዳበሪያ ከረጢት ይዛለች።

«አያ ደሴ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ የኔ ልጅ፤ ግቢ፣ ተቀመጭ።»

«ሰብለ እባላለሁ፤ ከቡሬ ነው የመጣሁ። እዚያ አስተማሪ ነኝ። አገሬ ገበዝ ማርያም ነው፤ የደብራችን ከበሮ የእርስዎ እጅ ነው ይላል አባቴ።»

«የቋሪቱ? እህ! ያ ከበሮ እስካሁን ይጮኻል?»

«ሌሊት ሲመታ የጎረቤት ቀበሌ ይሰማል።»

እንዲህ ያለ ቃል ለሽማግሌ ማር ነው። ደስ አለኝና ከረጢቱን ፍች አልኳት። ከውስጡ አንድ ጊታር ወጣ፤ ወጣ ከማለት ተለቀመ ማለት ይሻላል። አንገቱ ከነክር ማጥበቂያው ደህና ነው፤ ሣጥኑ ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ደቅቋል።

ባጃጅ ውስጥ ሳለች ተገልብጦባት ነው። ጊታሩ ላይ ወደቀች። «እሱ ደቀቀ፣ እኔ ተረፍኩ» አለችኝ። ትከሻዋ ታክሞ ገጥሟል፤ ጣቶቿም ደህና ናቸው፤ ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አልወጣ ብሏል። ጊታር ተጫዋች ደግሞ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀኝ ክንዱን በላዩ አሳልፎ ነው ክሩን የሚመታው። ሣጥኑ ከፍ ያለ ከሆነ ክንድ አብሮ ይነሣል። የእሷ አይነሣም።

«ታዲያ ሣጥኑን ቀጭን አድርጌ ብሠራውስ?» አልኳት።

«ቀጭን ተውሼ ሞክሬያለሁ አያ ደሴ። ክንዴን አላመመኝም፤ ድምፁ ግን የቆርቆሮ ነው።»

ከዚያ ስልኳን አወጣችና አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሠራ የሚያሳይ ምስል አሳየችኝ። ጊታሩ በክንድ በኩል ቀጠን፣ በጭን በኩል ወፈር ያለ ነው። ከጎን ሲታይ ወደ አንድ ወገን ሾል ይላል። ሳቄ መጣ።

«ይኸማ ሽብልቅ ነው! ግንድ የምንፈልጥበት ሽብልቅ!»

«ይሆን ይሆን?»

«ለምን አይሆንም? ከበሮስ አንድ ወገኑ ሰፊ፣ አንድ ወገኑ ጠባብ አይደል? ድምፅ ሆድ ይፈልጋል እንጂ ሆዱ በየት በኩል እንደሆነ አይጠይቅም።»

ይህን ስል መሥራት መቻል አለመቻሌን ገና አላሰብኩም፤ አፌ ቀደመኝ። ከዚያ ነው ነገሯን ያወጣችው። ታናሽ እህቷ ውቢት በጥር መጨረሻ ገደማ በአንድ እሑድ ጅጋ ላይ ትዳራለች። እናታቸው የሞቱት ውቢት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ሰብለ በዚያች ጊታር እያባበለች አሳድጋታለች፤ «ስትዳሪ በዚህችው ነው የምሸኝሽ» ብላ ቃል ገብታላታለች።

«ሳልጫወት ብቀር እህቴ ምንም አትለኝም» አለችኝ። «እሱ ነው የከፋኝ፣ አያ ደሴ። ምንም አትለኝም።»

ጆንያውን ፈታሁት። ባለቤቴ ጥሩዬ መሮ ስስል አየችና፣

«አንቱ ሰውዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ በሠራ እጅዎ ደግሞ ለዘፈን?» አለች።

«የሰርግሽን ከበሮ ማን ነበር የሠራው?»

«አባትዎ።»

«እንግዲያው ተይኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን የታኅሣሥ ሥራ በአጭሩ ልለፈው። ለጎኖቹ ዋንዛ በስሱ ልጌ፣ በግማሽ በርሜል ውኃ ቀቅዬ፣ በጋለ ቱቦ ላይ አጎበጥኩ። ስድስቱ ተሰበሩብኝ፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው እሺ አሉ። የላይኛውን፣ የክንዱን ጎን አራት ጣት፣ የታችኛውን፣ የጭኑን ስድስት ጣት አድርጌ ለካሁ። ለፊቱ፣ ማለት ክሩ ለሚወጠርበትና ክብ ቀዳዳ ላለው ገጽ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ የደረቀ ዝግባ አገኘሁ። ጥፍሬን ሳሳርፍበት ይጮኻል። ለጀርባው ዋንዛ። አንገቱ የራሷ የድሮው እንዲሆን ተስማማን። ማጣበቂያዬን እንደ አባቴ ከከበሮ ቆዳ ቁርጥራጭ ቀቅዬ አወጣሁ።

ጌትነት አፍንጫውን ይዞ አለፈ። «አባባ፣ ኮላ በየሱቁ ሞልቶ የቆዳ ሾርባ ምን ያደርግልዎታል?»

«ኮላ አንዴ ከያዘ አይለቅም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ሰው እንዳንተ የማይሳሳት ከሆነማ ጥሩ ነው» አልኩት። ቀልዴን ነበር።

ጥምቀት አለፈ። ሰኞ ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን የዝግባውን ፊት ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ደፍቼ፣ ሁለቱን ጎኖች ዙሪያውን አቁሜ አጣበቅኳቸው። ስድስት ጣቱን በቀኝ፣ አራት ጣቱን በግራ። ሲያድር እንዲይዝ አስሬው በደስታ ተኛሁ። ማክሰኞ ሰብለ ከትምህርት በኋላ መጥታ፣ ጀርባው ሳይዘጋ አቅፋ ትሞክረዋለች። ረቡዕ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ በዚያች ቀን በእኛ አገር እንጨት ላይ ብረት አይነሣም። እሑድ ሰርጉ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ማሰሪያውን ፈታሁ። ጠርዙን ዳበስኩ፤ ጥብቅ ብሏል። ልቤ ሞልቶ ጀርባ የሌለውን ሣጥን አነሣሁና ልክ እንደ እሷ ሆኜ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ አስደገፍኩት። ቀኝ ክንዴን በላዩ አሳለፍኩ።

ክንዴ ተነሣ።

እንደገና አስተካክዬ ያዝኩት። ክንዴ አሁንም ተነሣ። በብብቴ ሥር ያለው ስድስት ጣቱ ነው፤ አራት ጣቱ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ሽብልቁ ተገልብጧል።

ምን እንዳደረግሁ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ኮታችሁን አልጋ ላይ በጀርባው ብታስተኙት፣ ከዚያ በሆዱ ብትደፉት፣ በቀኛችሁ የነበረው እጅጌ ወደ ግራችሁ ይሄዳል። ጊታሩም እንደዚያ ነው። ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ስለካው ሰፊው በቀኝ መሆኑ ልክ ነበር። ሳጣብቅ ግን ፊቱን ደፍቼ ነበር፤ ያኔ ሰፊው በግራ መሆን ነበረበት። እጄ ግን የአባቴን ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሰፊው ወደ ቀኝ! ከበሮ ፊትና ጀርባ ስለሌለው አርባ ዓመት ሙሉ ይህ ቃል አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ፊትና ጀርባ ያለው ነገር ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው።

ጌትነት ብረት ሲቆርጥ ቆይቶ ወደ እኔ ገባ። «አባባ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

ነገርኩት። አልሳቀም፤ ጨዋ ልጅ ነው።

«ሰፊውን ይላጉትና እኩል ያድርጉት።»

«እሱማ ሁለቱም ቀጭን ይሆናል። የቆርቆሮ ድምፅ ሸሽታ ነው እኔ ዘንድ የመጣች።»

«አዲስ ጎን?»

«የደረቀ ዋንዛ የት አለ? ሲቀቀል፣ ሲጎብጥ፣ ሲደርቅ ሳምንት ይፈልጋል።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ አባባ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው ቢሏትስ? ማን ያውቃል እዚህ አገር?» አለኝ።

አልተቆጣሁትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን አሳብ እሱ ሳይናገረው በፊት እኔም አስቤው ነበር። በአርባ ዓመት ሥራዬ ለአንድም ደንበኛ «ተሳሳትኩ» ብዬ አላውቅም። የተሰነጠቀ ካለ ደብቄ ሌላ እሠራለሁ፤ ጊዜ አለኝና። አሁን ጊዜ የለኝም። ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ደግሞ የመጨረሻ ሥራዬ መሆኑ ነበር። ሰው መሮውን በስሕተት ላይ ሰቅሎ እንዴት ይቀመጣል?

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰብለ መጣች። የኖራ ብናኝ ቀሚሷ ላይ አለ፤ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ነው የወጣች።

«እንዴት ዋሉ አያ ደሴ? ደረሰልኝ?»

«ደህና ውለሻል? እ... ይኸው።» ሣጥኑን ሰጠኋት።

ተቀመጠች። ዝግባውን በጣቷ ዳበሰችው፤ ዓይኗ በራ። ከዚያ አቀፈችውና ቀኝ ክንዷን ቀስ ብላ በላዩ ልታሳልፍ ሞከረች። እኔ ያየሁት ከንፈሯን ነው። ከንፈሯ ነጣ። ክንዷ ጠርዙ ላይ ደርሶ ቆመ፤ በትከሻዋ ገፋችው፤ ግንባሯ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። እንደምንም አሳለፈችው። ለአፍታ ያዘችውና ሣጥኑን ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ደሴ» አለች። «በጣም ቆንጆ ነው። ለመድ ሳደርገው ደግሞ ይሻለኛል።»

እንግዲህ አስቡት። እኛ አገር ታላቅን ሰው ፊት ለፊት «ሥራህ ተበላሽቷል» አይሉም። በዚያ ላይ የደብሯን ከበሮ የሠራ ሽማግሌ ነኝ። ያቺ ልጅ ያን ሣጥን ይዛ ልትሄድ ነው፤ ሰርጉ ላይ ጥርሷን ነክሳ ልትጫወትበት፣ ወይም ግድግዳ ላይ ሰቅላው እኔን እየመረቀች ልትኖር። ስሕተቴን የምትሸፍንልኝ በራሷ አጥንት ነው። እኔ ዝም ካልኩ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ማንም አያውቅም።



«ሰብለ ልጄ» አልኩ፤ «አሞሻል።»

«ኧረ ትንሽ ነው...»

«አሞሻል። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። ገልብጬ ነው የሠራሁት፤ ወፍራሙን በክንድሽ በኩል አድርጌዋለሁ። ጠዋት ነው ያወቅሁት፤ ስትገቢ ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ አፈርኩ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልትቆጣ ነው ብዬ ራሴን ደፋሁ። እሷ ግን ረጅም ትንፋሽ አወጣችና እንባም ሳቅም ቀላቀለች።

«ወይኔ፣ እኔ እኮ ክንዴ ጭራሽ የባሰበት መስሎኝ ደንግጬ ነበር! ከእንግዲህ አበቃልኝ ብዬ... እንኳንም እርስዎ ሆኑ!»

«እንኳንም? እኔ ብሳሳት ይሻልሻል?»

«በጣም እንጂ!»

ሦስታችንም ሳቅን። ጌትነት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሳቃችን ሲበርድ ግን እሑድ ያው እሑድ ሆኖ ጠበቀን። ሰብለ ሣጥኑን በግራ እጇ እያሻሸች፣ ለማጽናናት ያህል ይመስለኛል፣ «ምነው ከበሮ በሆነ ኖሮ፤ ገልብጠን በሌላው እንመታው ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ቀልዴን ነው አያ ደሴ...»

«አይ፣ ቆይ። ስጭኝ።»

ሣጥኑን ተቀበልኳትና ገለበጥኩት። ክፍት የሆነውን፣ ጀርባው ሊመጣበት የነበረውን ወገን ወደ ላይ አዞርኩት። ሰፊው በቀኜ፣ ጠባቡ በግራዬ። ልክ! የሣጥኑ ቅርጽ ከላይ ሲታይ ከወገቡ ግራና ቀኝ እኩል ነው፤ ጀርባ ያልኩትን ፊት፣ ፊት ያልኩትን ጀርባ ባደርገው ሽብልቁ በራሱ ይቃናል። የሚያስፈልገው የዝግባውን ገጽ ሳይሰበር ከዚህ አላቅቆ በዚያኛው ጠርዝ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው።

«ብቻ» አልኩ እንጂ ዝግባው የጣት ጥፍር ያህል ስስ ነው። ሌላ እንዲህ ያለ ዝግባም የለኝም።

ጌትነት ቀድሞ ገባው። «በኮላ ቢሆን ኖሮ...»

«በኮላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማገዶ ነበር። የቆዳው ሾርባ ግን ሙቀት ሲያገኝ ይለቃል። በል ውኃ አፍላ፤ ቢላዋ አምጣ፤ እንደ ምላስ የሳሳውን።»

ሰዓቱ ስምንት ሊሆን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የማርያም ዋዜማ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እጄን አላነሣም። አራት ሰዓት ነበረን።

ቢላዋውን የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሬ ከዝግባውና ከዋንዛው መካከል አስገባሁ። የጣት ጫፍ ያህል ገባ። አወጣሁ፣ ነከርኩ፣ አስገባሁ። እንዲህ ዙሪያውን። ሰብለ በግራ እጇ እርጥብ ጨርቅ ከኋላዬ ታስከትላለች፤ ጌትነት ሣጥኑን እንደ ሕፃን ይዟል።

«ተንፍስ እንጂ» አልኩት።

«ብተነፍስ ይሰበራል ብዬ ነው አባባ።»

ወገቡ ላይ ስንደርስ ዝግባው «ጭር» አለ። ሁላችንም ቆምን። ጥሩዬ ከደጅ «ምንድን ነው እሱ?» አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ክር የምታህል ስንጣሪ ጠርዙ ላይ ተነሥታለች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም። ጨርቁን አስደግፈን ቆየን፤ ሙጫው ለሰለሰ፤ አለፍን። አሥር ሰዓት ላይ ዝግባው እጄ ላይ ቀረ። ሙሉውን።

ከዚያ ጥድፊያ ነው። ጠርዙን ጠረግን፣ ሙጫ አሞቅን፣ ዝግባውን በአዲሱ ፊት፣ የዋንዛውን ጀርባ በአሮጌው ፊት ለጠፍን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚይዝ ማሰሪያ አልነበረኝም። ከበሮ ሠሪ ግን ጠፍር አለው። የራሰ የቆዳ ጠፍር ሣጥኑን ዙሪያውን ጠመጠምኩበት፤ ጠፍር ሲደርቅ እየተኮማተረ ራሱ ያጠብቃል። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ስቋጥር ፀሐይዋ የጌትነትን ቆርቆሮ አጥር ነክታ ነበር።

«ሐሙስ ጠዋት እንፈታዋለን» አልኳት። ሰብለ እጄን ስማ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

አስተርእዮ ማርያም ዋልኩ። አስቀድሼ፣ ታቦቷን ሸኝቼ፣ ከቤቴ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የሥራ ቤቱ በር ተዘግቷል። ቀኑ በጣም ፀሐያማ ነበር፤ ጠፍር በፀሐይ ቀን ሲደርቅ ጉልበቱ ያስፈራል። ቆዳ ወጥሬ ስለማውቅ አውቀዋለሁ፤ ከልክ ካለፈ እንጨት ይሰብራል። ልሄድ ብድግ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጥሩዬም ሰማች። ተያየን።

«ይክፈቱና ይዩት» አለችኝ።

«ካየሁት እነካዋለሁ። ከነካሁት እሠራለሁ።»

«እንግዲያው ለእሷ ይተዉት፤ ቀኗ ነው።»

ተውኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓል አክብሬያለሁ፤ እጄን አጣጥፌ ሌላ ሰው ይጠብቅልኝ ብዬ የለመንኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ሙጫም ሳይነካካ መዋል ይፈልጋል፤ በዓሉ ባይከለክለኝ ኖሮ ሳልታገሥ እፈታውና ሥራው ይናድ ነበር። ይህን ያኔ አላሰብኩትም፤ ኋላ ነው የገባኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሰብለ አስፈቅዳ መጣች። ጠፍሩን በመሮ እየበጠስኩ አወረድኩ። ፊቱ ደህና! ዙሪያው ደህና! ገለበጥኩት፤ ጀርባው ላይ የትንሽ ጣት የምታህል ስንጥቅ አገኘሁ። «ቋ» ያለችው እሷ ናት። ከከበሮ ቆዳ ቁራጭ ቆርጬ ለጠፍኩባት። እስካሁን አለች።

አንገቱን ገጠምን፤ አርብ ሙሉ ቀን ደረቀ። ቅዳሜ ሰብለ ራሷ ክሩን ወጠረች። እኔ መመልከት አልቻልኩም፤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። በርጩማው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ፤ ከታች፣ ከሆድ የሚወጣ፤ እንደ ከበሮ ሰፊ አፍ ያለ።

ስዞር ክንዷ ሣጥኑ ላይ ጋደም ብሏል፤ እንደ ትራስ ተደግፎት። ከንፈሯ ቀይ ነው።

«አላመመሽም?»

እየተጫወተች ነበር።

እሑድ ጅጋ ወረድን፤ ጥሩዬም ጌትነትም። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ሰብለ ዳሱ መካከል ተቀመጠችና ጊታሯን አቀፈች። ውቢት ከሚዜዎቿ መካከል ቆማ ታላቋን ስታይ ምንም አላለችም። ምንም አለማለቷ ግን ሰብለ የፈራችው ዓይነት አልነበረም። ዝም ብላ መጥታ ከእግሯ ሥር ቁጢጥ አለች፤ ነጭ ልብሷን መሬቱ ላይ ዘርግታ፣ እንደ ሕፃንነቷ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ «ይኸ ክራር ምነው ጠመመ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሰው እንዳይጠምም ነው አባቴ» አልኩት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ የሥራ ቤቴን አልለቀቅኩም። ጌትነት ራሱ «አባባ፣ እኔ ወደ አጥሩ እጠጋለሁ» አለ። ጆንያው ባዶውን ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሽብልቅ ጊታር ሠርቻለሁ፤ አንዱ ሆዱ ትልቅ ለሆነ ሰው ነው፣ ሌላው ጀርባዋ ጎበጥ ላለች ሴት። ድሮ ዕቃው እንዲህ ነው፣ ሰውየው ይልመደው እል ነበር። አሁን መጀመሪያ ሰውየውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ክንዱ የት እንደሚቆም አያለሁ። ክንዱ የት እንደሚያርፍ ካወቅሁ እንጨቱን እንዴት እንደምጠርበው አውቃለሁ።

ሌላም ነገር ለውጦኛል። «ተሳሳትኩ» የሚለው ቃል እንደማይገድል አወቅሁ። እናንተም በዕድሜ የገፋችሁ፣ ልጆቻችሁ አክብረዋችሁ ሕመማቸውን የሚውጡላችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ከንፈራቸውን እዩ። እነሱ አይነግሯችሁም።

ዛሬም አዲስ ሣጥን ስጀምር ከመላጊያውም ከመሮውም በፊት ከሰል አነሣለሁ። ብዙ አልጻፍኩም በዕድሜዬ፤ ሁለት ቃል ግን አሁን አሳምሬ እጽፋለሁ። በአንደኛው ገጽ «ፊት» እላለሁ፣ በሌላው «ጀርባ»። ከዚያ የአባቴን ቃል ለእጄ እነግረዋለሁ፤ እጄም ይሰማኛል።